የነፋስ ትምህርት በዝግ ክፍል

ርዕሰ መምህራችን ለትምህርት ቤቱ ያልዋሉት ውለታ የለም። በቅርቡ ደግሞ ነፋስን ራሱን ሥርዓት አስያዙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎች ስለ ነፋስ ኃይል ይማሩበት ተብሎ ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን ከነአምፖሉ ተላከልን። የሳይንስ መምህርታችን፣ ነገር የማይገባት ሴት፣ "ጣሪያ ላይ እንስቀለው" አለች።

"ጣሪያ ላይ? ነፋስ ቢያበላሸውስ?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

እውነታቸውን ነው፣ ንብረት ነው! ስለዚህ ቤተ ሙከራ ገባ፤ አቧራ እንዳይነካውም መስኮቱ ተከረቸመ። ክንፉ ንቅንቅ አልል ሲል ፊት ለፊቱ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ተገተረለት። ከግድግዳ መብራት ወስዶ አምፖል ማብራት፣ እሰይ፣ ሳይንስ ማለት ይሄ ነው!

"እንግዶች ሲመጡ አምፖሉ ካልበራ፣ ክፍሉን ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን" ተባለች መምህርቷ። ክፍሏ የዓይኗ ብሌን ናት፤ እያንዳንዱን ብልቃጥ ለምና ነው የሞላቻት።

ቀኑ ደረሰ፤ እንግዶች ተኮለኮሉ። ርዕሰ መምህሩ በላብ ተጠምቀው "ነፋስ የነገ ተስፋችን ከመሆኑም ባሻገር…" ሲሉ መብራት ድርግም! ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ተርባይኑ ቆመ፣ አምፖሉ ጠፋ። ውጭ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

መምህርቷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ብድግ ብላ መስኮቱን በረገደችው! ክንፉ ተሽከረከረ፤ አምፖሉ ቦግ አለ። ተማሪዎቹ በጩኸት ቤቱን አናጉት። የርዕሰ መምህሩ ንግግር ግን ከነወረቀቱ በረረ።

"ዝጊው! ኧረ ዝጊው! ነፋሱ የነፋስ ፕሮግራማችንን አበላሸው!"

"በራ እኮ፣ ይዩት!"

"ከፕሮግራም ውጭ ነው የበራው!"

ኮሚቴ ተቀመጠ። ጥፋቱ የመብራት መቋረጥ መሆኑን በጥልቀት መርምሮ ደረሰበት፤ ለነፋስ ኃይል ትምህርት የሚውል የናፍጣ ጄኔሬተርም ተገዛ። ማስቀመጫ ሲታጣ ቤተ ሙከራው ተሰጠው። ብልቃጦቹ ካርቶን ውስጥ ገቡ፤ መምህርቷም አለቀሰች፣ ያው እንዳልኳችሁ ነገር አይገባትም።

አሁን ከተማሪዎቿ ጋር ሜዳ ላይ ናት። ደብተራቸው እንዳይበር ድንጋይ ጭነውበት ይማራሉ። ትናንት ርዕሰ መምህሩ በተዘጋው መስኮት አሻግረው አዩዋቸውና አዘኑላቸው።

"ምስኪኖች!" አሉ። "እዚያ ነፋስ ላይ ተሰጥተው ምን ሊማሩ ነው?"