አንድ እጅ ሁልጊዜ ዱቄቱ ላይ

አናጺው፦ እሺ፣ ግን በማን ነው የምትቀይሯት?

ተቆጣጣሪው፦ ማንን?

አናጺው፦ ልጅቷን ነዋ። በሩ ላይ ለጥፈሃል እኮ፣ ጋሼ። «የሕፃን መቀየሪያ ክፍል»።

ተቆጣጣሪው፦ ሕፃን አይቀየርም! የሚቀየረው ዳይፐሯ ነው!

አናጺው፦ ዳይፐር የሚል የለበትም።

ተቆጣጣሪው፦ ማንም ያየው ሰው ይገባዋል።

አናጺው፦ እኔ አየሁት፤ አልገባኝም። ጫማ ቤት «መቀየር ይቻላል» ከተባለ የጠበበኝን መልሼ የሚሆነኝን እወስዳለሁ። እና፣ ጋሼ ወንድ ነበር የፈለገው ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ተቆጣጣሪው፦ ሴት ነው የፈለግኩት!

አናጺው፦ እሰይ። ታዲያ ካገኘህ ለምን ትቀይራታለህ?

(አናጺው ተንበርክኮ የጠረጴዛውን እግር ከግድግዳው ጋር በብሎን እያሰረ ነው። የተቆጣጣሪው ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ተቆጣጣሪው ደግሞ የአንድ ሳሙና ፋብሪካ የደህንነት ተቆጣጣሪ ነው። ሁለት ሺህ ሠራተኛ እንዳይወድቅ፣ እንዳይቃጠል፣ እንዳይንሸራተት ሲያስጠነቅቅ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። እስክሪብቶ አወጣና በሩ ላይ ካለው ወረቀት «ሕፃን» ከሚለው ቀጥሎ «ዳይፐር» ብሎ ሰነቀረበት።)

አናጺው፦ አሁን ገባኝ። ግን ማን ነው የሚያነበው? እኅቴ ታውቀዋለች። አንተ ጻፍከው። ልጅቷ ገና ናት።

ተቆጣጣሪው፦ እናትህ ያነቡታል።

አናጺው፦ እማዬ?

ተቆጣጣሪው፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሉን ሊያዩ ይመጣሉ አላልኩህም? «ልጅቷን የሚያገላብጡበት ደህና ቦታ የሌለው ቤት አራስ አልልክም» ብለውኛል። ካልወደዱት እናትና ልጅ ሁለት ወር እሳቸው ጋ መቆየታቸው ነው። ሁለት ወር! እስካሁን አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ቀን እንደ እንግዳ ሳሎን ተቀምጬ ጭማቂ ነው የሚቀርብልኝ። ልጄን ሃያ ደቂቃ ያሳዩኝና «በቃ ትተኛ» ብለው ይወስዷታል። የእስር ቤት ጥየቃ እኮ ነው የሚመስለው።

አናጺው፦ እስረኛው ማን ነው?

ተቆጣጣሪው፦ እኔ ነኛ!

አናጺው፦ አንተማ ጠያቂው ነህ። ጭማቂ ለእስረኛ አይቀርብም።

ተቆጣጣሪው፦ አንተ ብሎንህን አጥብቅ። (ዝርዝሩን እያየ) ከፍታ። ምን ያህል አደረግከው?

አናጺው፦ እንዳልከኝ ነው። ወገብ ድረስ።

(ተቆጣጣሪው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ጠርዙ ጭኑ ላይ ቀረ።)

ተቆጣጣሪው፦ ይሄ ወገብ ነው?

አናጺው፦ የእኅቴ ወገብ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ እኔስ?

አናጺው፦ (ካቻቢቴውን አስቀመጠ) አንተም ትቀይራለህ?

ተቆጣጣሪው፦ ምን ማለትህ ነው? አባቷ አይደለሁም?

አናጺው፦ ቀይረህ ታውቃለህ?

ተቆጣጣሪው፦ በሚገባ። ሁለት መጽሐፍ አንብቤያለሁ።

አናጺው፦ በእጅህ ማለቴ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ በእጅ... አንድ ጊዜ። እናትህ አጠገቤ ቆመው። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አደረግኩት። ማጣበቂያው ሸሚዜ ላይ ተለጠፈ። ሳነሳት ዳይፐሩ እኔ ጋ ቀረ፤ ልጅቷ ባዶዋን ቀረች። እናትህ «ተወው ልጄ፣ አንተ ፋብሪካህን ጠብቅ» ብቻ አሉኝ።

አናጺው፦ እንግዲህ ጠረጴዛውን በአንተ ልክ ላንሳው?

ተቆጣጣሪው፦ ያኔ እኅትህ በርጩማ ላይ መቆም ሊኖርባት ነው፤ አራስ በርጩማ ላይ አትወጣም። ተወው። እኔ እጎነበሳለሁ።

አናጺው፦ ወገብህን ያምሃል።

ተቆጣጣሪው፦ ይመመኝ። ቀጥል። መደርደሪያ። ዋናው ሕግ፣ ዕቃው ሁሉ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት።

አናጺው፦ የልጅቷ እጅ?

ተቆጣጣሪው፦ የልጅቷ እጅ ምን ይሠራል? የሚቀይረው ሰው እጅ! (ቀና ብሎ አየና ደነገጠ) እሱ ምንድን ነው? መደርደሪያውን ልክ ከጭንቅላቷ በላይ ሰቀልከው?

አናጺው፦ እጅ ይደርስበታል።

ተቆጣጣሪው፦ ቢወድቅስ?

አናጺው፦ እኔ የሰቀልኩት አይወድቅም።

ተቆጣጣሪው፦ የሳሎኑ መስታወትስ?

አናጺው፦ እሱ አልወደቀም። ቀስ ብሎ ወረደ።

ተቆጣጣሪው፦ ሦስት ቦታ ተሰብሮ?

አናጺው፦ ሲወርድ ደህና ነበር። ወለሉ ነው የሰበረው። (መሰላል ሳያስፈልገው መደርደሪያውን ነቀለ፤ ሁለት ብሎን ብቻ ነበር የያዘው) እውነትም፣ ይሄ ይወርድ ነበር። ወደ ቀኝ ላድርገው።

(መደርደሪያው ወደ ቀኝ ተዛወረ። ፍራሹ ገባ፤ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ፣ ሕፃን እንዳይንከባለል የሚይዝ ነው። ክዳን ያለው ቅርጫት ከሥር ገባ። ተቆጣጣሪው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ከፋብሪካ ያመጣውን ቢጫና ጥቁር ፕላስተር አወጣና በጠረጴዛው ዙሪያ ወለሉ ላይ መለጠፍ ጀመረ።)

አናጺው፦ ይሄ ደግሞ?

ተቆጣጣሪው፦ የጥንቃቄ ክልል። ከዚህ መስመር በጫማ ማለፍ ክልክል ነው።

አናጺው፦ እኔ መስመሩ ውስጥ ነኝ።

ተቆጣጣሪው፦ ውጣ።

አናጺው፦ ዕቃዬ ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ጫማህን አውልቀህ ተመለስ።

(አናጺው አንዱን ጫማ አወለቀ። ተቆጣጣሪው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ።)

ተቆጣጣሪው፦ አድርገው።

አናጺው፦ ክልክል ነው አላልክም?

ተቆጣጣሪው፦ አድርገው ብዬሃለሁ! ለአንተ ፈቅጃለሁ። (ሰዓቱን አየ) ስምንት ተኩል። አሁን ልምምድ። እናትህ ፊት እንዳልሳሳት።

(ከኩሽና በወፍራም ወረቀት የታሸገ ዱቄት ታቅፎ መጣ። ሦስት ኪሎ ተኩል ነው፤ ሕፃኗም ያንኑ ያህል ትመዝናለች። ዳይፐር ታስሮለታል።)

አናጺው፦ ስም አወጣችሁላት?

ተቆጣጣሪው፦ ዱቄት ነው።

አናጺው፦ አባቷን ትመስላለች። አገጯ አካባቢ።

ተቆጣጣሪው፦ አታስቀኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አሁን ተመልከት። ከሕጎች ሁሉ የሚበልጠው ሕግ፣ አንድ እጅ ሁልጊዜ ሕፃኗ ላይ። ስልክ ቢጮህ፣ በር ቢንኳኳ፣ ቤቱ ቢናወጥ፣ እጅ አይነሳም። ገባህ?

አናጺው፦ ማሳከክ ቢመጣስ?

ተቆጣጣሪው፦ በሌላው እጅ ታካለህ።

አናጺው፦ የሚያሳክከው ሌላው እጅ ቢሆንስ?

ተቆጣጣሪው፦ ትታገሳለህ! (ግራ እጁን ዱቄቱ ላይ ጫነ፤ በቀኙ ዳይፐሩን ፈታ፤ ቀኝ እጁን ወደ መደርደሪያው ላከ፤ ዳበሰ፤ ባዶ ነው) መጥረጊያውስ?

(የሕፃን ገላ የሚጠረግበት እርጥብ መጥረጊያ እሽግ መስኮቱ ጋ ነው። እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ይርቃል። እጁን አንስቶ ቢሄድ የሚጠፋ ነገር አልነበረም፤ ዱቄት ነው። አላነሳም።)

ተቆጣጣሪው፦ መጥረጊያውን አቀብለኝ።

(አናጺው ወጣ። ከኮሪደሩ የቤት መጥረጊያ ይዞ ተመለሰ።)

ተቆጣጣሪው፦ ምንድን ነው ይሄ?

አናጺው፦ መጥረጊያ።

ተቆጣጣሪው፦ ልጄን በዚህ ልጠርጋት?

አናጺው፦ እኔም ከበደኝ። ግን ያነበብከው አንተ ነህ ብዬ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ እርጥቡን ነው! እርጥቡን!

አናጺው፦ እእእ። እሺ።

(አናጺው መጥረጊያውን ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ቧንቧ ሲከፈት ተሰማ። ተቆጣጣሪው ጎንበስ እንዳለ፣ ግራ እጁ ዱቄቱ ላይ እንዳለ ጠበቀ። ወገቡን ማመም ጀምሮታል። አናጺው ተመለሰ። መጥረጊያው ከኮሪደሩ አንሥቶ እስከ ጠረጴዛው ድረስ እያንጠባጠበ መጣ።)

አናጺው፦ ይኸው፣ እርጥብ።

ተቆጣጣሪው፦ አንተ ሰው! ወለሉን! መስኮቱ ላይ ያለው እሽግ! ሰማያዊው! ተወው፣ ራሴ...

(ግራ እጁን ሳያነሳ ቀኙን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። አልደረሰም። ትንሽ ተሳበ። እግሩ ውኃው ላይ አረፈ። አንድ እግር ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ ግድግዳው ሄደ። በዚያች ቅጽበት ዱቄቱን ስቦ ደረቱ ላይ አጣበቀውና በጀርባው ዘፍ አለ። መስመሩ ውስጥ ነው የወደቀው፤ ልክ መሐል ላይ።)

አናጺው፦ ጋሼ! ተረፍክ?

ተቆጣጣሪው፦ ዱቄቱስ?

አናጺው፦ ደረትህ ላይ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ተቀደደ?

አናጺው፦ አልተቀደደም። አንተ ነህ የተቀደድከው፤ ሱሪህ።

ተቆጣጣሪው፦ (ጣሪያውን እያየ) አሥራ አንድ ዓመት «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚል ሰሌዳ ሳቆም ኖሬ፣ ገዛ ቤቴ፣ በመጥረጊያ ውኃ። ሁለት ሺህ ሰው ጠብቄ ሦስት ኪሎ ዱቄት መጠበቅ ጣለኝ። በቃ። እናትህ አሁን ገብተው በዚህ ሁኔታ ሲያዩኝ ሁለት ወሩን አራት ያደርጉታል።

አናጺው፦ እማዬ አትመጣም።

ተቆጣጣሪው፦ እንዴት አይመጡም?

አናጺው፦ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው። በዚያ ጉልበቷ? አንተ የደህንነት ሰው ነህ፤ አላሰብከውም?

ተቆጣጣሪው፦ ታዲያ ክፍሉን ማን ሊያይ ነው?

(አናጺው መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።)

ተቆጣጣሪው፦ ... አንተ?

አናጺው፦ ከጠዋት ጀምሮ እያየሁ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ አይሆንም! ሥራዬ ቁጥጥር ነው እኮ! እኔ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በጠረኑ አውቃለሁ!

አናጺው፦ ጫማህን አድርግ ያልከኝ አንተ ነህ።

ተቆጣጣሪው፦ እና ያ ሁሉ ጥያቄ... የማን እጅ፣ ማን ይቀይራል፣ ቢያሳክክስ...

አናጺው፦ እማዬ ናት የነገረችኝ። «የማይገባህ ምሰልና ጠይቀው፤ ዐዋቂ ፊት ሲሆን ይጠነቀቃል፤ ደደብ ፊት ግን ራሱን ያጋልጣል» አለችኝ። ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም እኮ፣ ጋሼ።

ተቆጣጣሪው፦ መጥረጊያውም ተንኮል ነበር?

አናጺው፦ የመጀመሪያው እውነቴን ነው። እኛ ቤት እርጥብ ሶፍት ነው የምንለው። ሁለተኛው ግን... ፊትህን ሳየው ማለፍ አቃተኝ።

(ስልኩን አውጥቶ ደወለ።)

አናጺው፦ ሄሎ፣ እማዬ። አዎ፣ ጨረስኩ። ጠረጴዛው? ጥሩ ነው፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ... አይ፣ አስሬዋለሁ፤ በስድስት ብሎን። ... እሱ? (ወደ ታች አየ) እሱማ ወድቋል።

ተቆጣጣሪው፦ ወድቋል አትበላቸው!

አናጺው፦ አይ፣ ፈተናውን አይደለም እማዬ፤ መሬት ነው የወደቀው። ... ኧረ ልጅቷን አልጣላትም! ልጅቷ አንቺ ጋ አይደለችም እንዴ? ... ዱቄት። ... የስንዴ። ... እሱ ወደቀ እንጂ ዱቄቱ አልወደቀም። እጁን አላነሳም። ... አሁንም አላነሳም፤ እያየሁት ነው፤ ታቅፎታል። ... አዎ። ... አዎ፣ ሞኝማ ነው፤ እሱን ታውቂ የለ። ... እሺ። እነግረዋለሁ።

(ስልኩን ዘጋ።)

ተቆጣጣሪው፦ ምን አሉ?

አናጺው፦ «እንዲህ ያለ ሞኝ ልጅ አይጥልም» አለች። ሐሙስ ይመጣሉ።

ተቆጣጣሪው፦ ሁለቱም?

አናጺው፦ ሁለቱም፤ እናትም ልጅም።

(ተቆጣጣሪው ዱቄቱን ይበልጥ ጠበቅ አደረገው።)

ተቆጣጣሪው፦ በል አንሳኝ።

(አናጺው ስልኩን መልሶ አወጣ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ አነሳው። ፎቶው ጥሩ ወጣ።)

(ሕፃኗ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤቷ ገባች። የመጀመሪያው ዳይፐር የተቀየረው ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ነው።)