«ጨዋ» ልጅና ሲስተር አዋሩት

በር በመዝጋት የማይገላገሏት ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። የእኛዋ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሥራዋ ሕፃን ያለበትን ቤት እየዞረች መጠየቅ ነው። «አዋሩት እንጂ፣ ልጁን አዋሩት» ሳትል የወጣችበት ቤት ስለሌለ፣ ክብርት ሲስተር አዋሩት ብለን ሾመናታል።

ሥርዓቷ አይዛነፍም። ስትገባ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፤ የሁላችንንም ስልክ ለቅማ ድስት ውስጥ ትከትና ትከድነዋለች። አንዴ አማቴ ደውለው ድስቱ ሲንጫጫ ማንንም አላስነካችም። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሕፃኑን ታዳምጣለች። «አጉ» ሲላት «እሺ፣ ከዚያስ?» ብላ መልሱን ትጠብቃለች።

እኔ ደግሞ በልጄ ጨዋነት የምኮራ ሰው ነበርኩ። በአራት ወሩ አያለቅስም፣ አይነጫነጭም። ጎረቤቱ ሁሉ «ታድላችሁ» ይለናል። ይህንኑ ለሲስተር ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ፊቱን ስታየው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ቀጥላ ሚስቴን አየቻት። ሚስቴ ከወለደች ጀምሮ ከፍቷት ነበር፤ ታጠባዋለች፣ ልብሱን ትቀይርለታለች፣ ዓይኑን ግን አታየውም። እኔ ድካም ነው ብዬ ትቼው ነበር።

«ጨዋ ሆኖ አይደለም» አለችኝ ሲስተር። «ማልቀስ ዋጋ እንደሌለው ገብቶት ነው። አሁን ካልደረስንለት ይሄ ዝምታ አብሮት ያድጋል።»

ተናደድኩ። በሚቀጥለው ሳምንት መጋረጃውን ዘግተን ቤት ውስጥ ማንም የሌለ አስመሰልን። አንድ ሰዓት ሙሉ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችና ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ያዘችኝ። ሚስቴን ራሷ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። እኔንም ልጁን ሳጥብ እንዳወራው አዘዘችኝ። የአሳንሰር ጠጋኝ ነኝ፤ ሌላ ወሬ ከየት ላመጣ? ስለ ሞተርና ስለ ገመድ አወራሁለት።

ይህን በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ ልጁን ሳጥብ፣ ሚስቴ ከሶፋው ላይ «አሁን ገመድ ለሕፃን ይወራል?» ብላ ሳቀች። ልጁ ወደ ድምጿ ዞረ። እሷም አየችው፤ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ ሳሙናውን ይዤ አለቀስኩ።

ዛሬ እናቱ ወደ ማዕድ ቤት ዘወር ካለች ቤቱን በጩኸት ያቀልጠዋል። ጎረቤት ያዝንልናል፤ እኔ ደስታዬን አልችለውም።

ባለፈው ሲስተር ፋይላችንን ልትዘጋ መጣች። ከእንግዲህ እንደማትመጣ ስትነግረን ሆዴ ባባና ዋሸሁ። «እኔ እንጃ ሲስተር፣ ልጁ አሁንም ዝም ይላል» አልኳት። ጉደኛው ልጄ ይኼኔ እሷን አይቶ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፋይሉ ላይ ጻፈች፦ «ልጁ ደህና ነው። ለአባትየው ክትትል ያስፈልጋል።»