ቫይረሱ የወሰደው የአያ ቢሻው ድምፅ

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል። ይህን ተረት ማን እንዳወጣው ባላውቅም፣ ሰይጣን በደንብ የጎዳው ሰው እንዳልነበረ እጠረጥራለሁ። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ትላላችሁ። «እኔ ነኝ» የሚል መልስ ስትሰሙ ትከፍታላችሁ። ሁሉም ሰው እኮ «እኔ» ነው።

ቆሰበር፣ ወረቀት ላይ እንጅባራ የምትባለው ከተማ ውስጥ፣ የማስተምርበት ኮሌጅ ለሠራተኞቹ ኢሜይል ያስገባ ሰሞን የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሰብለ ነበረች። የዳንግላ ልጅ ናት፤ ዝግ ብላ ትናገራለች፣ የተናገረችውን አትደግምም። ያወጣችው ደንብ አንድ ነው፦ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የሚመጣ ፋይል ሁሉ፣ ላኪው ማንም ይሁን ማን፣ እሷ ጋ ቆይቶ ሳይፈተሽ ወደ ባለቤቱ አያልፍም።

«ጸረ ቫይረስ ተጭኖ የለም እንዴ?» ብለን ጠየቅናት።

«ጸረ ቫይረሱ የሚያውቀውን ነው የሚይዘው» አለች። «ትናንት የተሠራውን አያውቀውም። ለማይታወቀው ያለን መከላከያ ትንሽ መታገሥ ነው።»

መምህር ደግሞ ተማሪን አስታግሦ ይኖራል እንጂ ራሱ መታገሥን አልለመደም። የፈተና ረቂቅ ዘገየብን፣ የስብሰባ ጥሪ ካለፈ በኋላ ደረሰን እያልን አጉረመረምን። ዲናችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ። አንድ ቀን ሰብለን መምህራን ማረፊያ ውስጥ አገኟትና ሁላችንም እየሰማን «እኛ እዚህ ግቢ ያለነው እንተዋወቃለን። የውጭውን ፈትሺ፣ የእርስ በርሱን ልቀቂው» አሏት።

«ቫይረስ የሚመጣው እኮ በሚያውቁት ሰው ስም ነው።»

«ልቀቂው።»

ለቀቀችው።

አሁን ፈንታን ላስተዋውቃችሁ። ፈንታ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አማርኛ ያስተምራል፤ አፉን የፈታው ግን በአገውኛ ነው። ዕረፍት ባገኘ ቁጥር መቅረጫውን ይዞ ጥሊሊ ዙሪያ ወዳሉ መንደሮች እየሄደ ሽማግሌዎችን በአገውኛ ያስወራ ነበር፤ የዛፉን ስም፣ የሣሩን ስም፣ ፈረስ ሲታመም የሚደረግለትን። ከሁሉም አብልጦ የቀዳው አያ ቢሻው የሚባሉ ሰውዬን ነው። እሳቸው ክረምት ላይ ሞቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ፈንታን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሙት ዓመቱ ድምፃቸውን ይዞ እንዲመጣ። «የልጅ ልጆቹ ይስሙት» አሉት።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ፈንታ የድምፁን ቅጂ የያዘውን፣ ሃርድ ዲስክ የሚሉትን ትንሽ ሳጥን ከቢሮ ኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ የሚወስደውን ይመርጣል። በዚህ መሀል ከዲኑ «አስቸኳይ የስብሰባ አጀንዳ» የሚል ፋይል የተያያዘበት ኢሜይል መጣ። ዲኑ አልላኩትም። ቫይረሱ አንድ ቦታ ገብቶ በስማቸው ለሁላችንም አድሎት ነበር። ፈንታ አለቃ የላከውን ሳይከፍት የሚያሳድር ሰው አይደለም። ከፈተው።

የዲኑን መልእክት ከፍተው የማያውቁ መምህራን ሁሉ ተረፉ። ታዛዡ ተቀጣ፣ ሰነፉ ዳነ። ከዚህ ለተማሪ የሚሆን ምን ምክር እንደሚወጣ እስካሁን አልገባኝም።

ሰብለ ሮጣ መጥታ ገመዱን ስትነቅል ነገሩ አልቆ ነበር። ኮምፒውተሩም፣ ቅጂው ያለበት ሳጥንም እኩል ተበልተዋል፤ ሌላ ቅጂ የለም። የፋይሎቹ ስም አለ፤ ሲከፈቱ ግን ድምፅ የለም። ሳጥኑን ባሕር ዳር ድረስ ልካ አሳየችው። አይሆንም ተብሎ ተመለሰ።

ስብሰባ ተጠራ። ዲኑ ሰብለን «እንዴት አልተከላከልሽም?» አሏት። ፈንታ ተነሥቶ «እንዳይለቀቅ ብላ ነበር። ሁላችንም ሰምተናል» አለ። ሁላችንም ጣሪያውን አየን። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባትና በማግስቱ ፍተሻው እንደ ዱሮው እንዲመለስ ታዘዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፈንታ መርዶውን በስልክ መንገር አልፈለገም። ሰብለ አብሬህ ካልሄድኩ አለች፤ እኔም ተከተልኳቸው። በሚኒባስ ጥሊሊ ደርሰን ከዚያ በእግር ሄድን። ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃቸው ላይ ጌሾ አስጥተው አገኘናቸው። እኔና ሰብለ አገውኛ እንደማንሰማ ሲያውቁ ወሬውን ወደ አማርኛ መለሱት።

«እናቴ፣ የአያን ድምፅ ይዤ አልመጣሁም» አለ ፈንታ።

«ረሳኸው?»

«ጠፋ። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት።»

«ቫይረስ ሰው ነው የሚይዝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ነግራናለች።»

«ይኼኛው ሰው አይነካም። ድምፅ ነው የሚገድል።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«እንግዲያማ ሁለት ጊዜ ቀበርነው» አሉ።

አላለቀሱም። ያለቀሰችው ሰብለ ናት፤ ስብሰባው ላይ እንባዋን ያላየነው ሰብለ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ የሞተው የኔ ባል» አሉና አስገብተው አበሉን።

ስንወጣ ከቤቱ ማዶ ዲከረንስ ተደርድሮ አየን። ሰዉ ለከሰል ብሎ ማሳውን ሁሉ የሸፈነበት ባዕድ ዛፍ ነው። በመሀሉ አንድ ያረጀ ያገር ዛፍ ብቻውን ቀርቷል። ፈንታ ሄዶ ግንዱን ዳሰሰው። ስሙን በአገውኛ ሊነግረን አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም።

«የነገረኝ አያ ቢሻው ነበር» አለ። «ቀድቼዋለሁ ብዬ በልቤ አልያዝኩትም።»

ሰብለ ስልኳን አወጣችና መቅረጫውን ከፍታ ጠበቀችው። ፈንታ ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ዞረ። «እሷ ታውቀው ይሆናል» ብሎ ተመለሰ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ እንደሚያመልጠን እያወቅን ተከተልነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ወደ በሩ ብቅ አሉ። ፈንታ የዛፉን ስም ሲጠይቃቸው ሰብለ ስልኩን አስጠጋችላቸው። በእጃቸው ከፀሐይ ተከልለው ዛፉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«የዛፍ ነገር የሚያውቅ እሱ ነበር» አሉ። «እኔ እንጨት ነው የምለው።»

የዚያን ዕለት ቀድተን የተመለስነው ይህንኑ ነው።