ቦሎቄዎቹ ሲለኩኝ

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። በሕልሜ የግቢያችን ዘበኞች እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ዋናው በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ፈታሾቹ እኛ ተማሪዎች ነበርን። ለእኔ የደረሱኝ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ነበሩ። ኪሳቸውን ስዳብስ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ቆሎ ነው፣ እመቤቴ።"

"ቆሎ ይዞ ወደ ግቢ መግባት ክልክል ነው።"

"ትናንት እኮ ይዤ ገብቻለሁ።"

"ትናንት ተረኛዋ ሌላ ነበረች።"

ቆሎውን ተቀበልኳቸውና አስገባኋቸው። ቸኩዬ ነበር። የግል ዕድገቴን የማቀርበው በዚያ ቀን እንደሆነ በሕልሜም አልረሳሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ለማዕረግ ፕሮግራም የተመረጠ ተማሪ ከትምህርቱ ሌላ በየዓመቱ ኮሚቴ ፊት ቆሞ፣ እንደ ሰው እንዴት እንዳደገ ማስረዳት አለበት። የሚጠየቀው የትምህርት ውጤት አይደለም፤ ውጤቱንማ ሬጅስትራሩ ያውቀዋል። ማስረዳት ያቃተው ወደ መደበኛው ክፍል ይመለሳል፣ የቤተ ሙከራውንም ቁልፍ ያስረክባል። ለእኔ ዋናው ነገር ቁልፉ ነው። ገና የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ሆኜ የራሴ ሙከራ፣ የራሴ መደርደሪያ፣ በረድፍ የቆሙ የራሴ ቦሎቄዎች አሉኝ። የእነሱን ዕድገት ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ እለካለሁ። የራሴን በምን እንደምለካው ግን አላውቅም ነበር።

ከበሩ እንዳለፍኩ ራሴን የተማሪዎች ካፌ ውስጥ አገኘሁት። መምህራኑ ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሹሮ የሚቀዱላቸው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። የፕሮግራማችን ኃላፊ ዶክተር ዓባይነህ ከሰልፉ መሐል አንገታቸውን አስግገው ጠሩኝ።

"እትዬ ሉባባ፣ ሰልፍ ያስቀድሙኝ ብዬ አይደለም። አንድ ጥያቄ ነበረችኝ።"

"ጠይቅ።"

አንተ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም።

"በእርስዎ ጊዜ ሹሮው እንዲህ ይቀጥን ነበር?"

"በእኛ ጊዜ ፊታችንን እናይበት ነበር። ይሄ ወፍሯል። ይልቅ ኮሚቴው የት ነው የተቀመጠው?"

"ቤተ ሙከራ ገብቷል። ቶሎ ይድረሱ። ካላደጉ ፕሮፌሰር ያደርግዎታል።"

"ቀልድህን ተው።"

"እኔስ እንዴት ዶክተር የሆንኩ መሰለዎት?" አሉ። እንባቸው ሳህናቸው ላይ ጠብ አለ። "ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ማደጌን ማስረዳት አቃተኝ። እዚያው ካባ አለበሱኝ። ዘንድሮም ከደገምኩ ፕሮፌሰርነቱ አይቀርልኝም። ቤት ውስጥ ልጆች አሉኝ።"

አጽናንቻቸው ልሂድ ብዬ ሳስብ፣ የቆምኩት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ነበር። መጻሕፍቱ ሰው ይዋሱ ነበር። አንድ ወፍራም የኬሚስትሪ መጽሐፍ የክፍሌን ልጅ በብብቱ ሸጉጦ ሲወጣ አየሁ።

"ወዴት ነው የምትወስደው?" አልኩት።

"ለፈተና ነው። እሑድ እመልሰዋለሁ።"

"እንዳታቆሽሸው።"

"ኧረ ተዪው ሉባባ" አለ ልጁ ከብብቱ ሥር። "ይሄ ይሻላል። ያለፈው የተዋሰኝ የቆመበት እንዳይጠፋው አፌ ውስጥ እስክሪብቶ ሰክቶ ረስቶኝ ነው የከረመው።"

የቤተ ሙከራው በር ክፍት ነበር። ቦሎቄዎቼ ነጭ ጋዋን ለብሰው በወንበሮቹ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ አበባ ያወጣችው ናት። እኔ ሁልጊዜ ጎበዟ እያልኩ የምጠራት ነበረች፤ እሷ ግን ቀና ብላም አላየችኝ።

"ጫማሽን አውልቂና ባልዲው ውስጥ ግቢ" አለችኝ።

ገባሁ። አፈሩ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ሁለት ቦሎቄዎች ውሃ አጠጡኝ። ሦስተኛው፣ እኔ በየጠዋቱ ቅጠላቸውን እንደምገለብጠው፣ ጆሮዬን ገልብጦ ከኋላው ተባይ ፈለገ። ከዚያ ማስመሪያ የያዘው ቦሎቄ መጥቶ አናቴ ላይ ለካ።

"ዛሬስ?" አለች ሰብሳቢዋ።

"እንደ ትናንቱ ናት።"

"ወደ መስኮቱ አዙሯት።"

አዞሩኝ።

"አሁንስ?"

"እንደ ትናንቱ ናት። ግን ወደ መስኮቱ ዞራለች።"

ከአጠገቤ ሌላ ባልዲ ነበር። እዚያ የተተከለችው የዶርም ጓደኛዬ ብሩክታዊት ናት። ብሩክታዊት በማዕረግ ፕሮግራም ውስጥ የለችም። ስለዚህ በሙከራው ውስጥ ማነጻጸሪያ አድርገዋታል፤ አፈሩም ውሃውም ከእኔ ጋር አንድ ነው፣ የፕሮግራሙ ሥልጠና ብቻ አይሰጣትም። ብሩክታዊት የጣሪያውን ቆርቆሮ በስታ ወጥታ ነበር። ከታች የሚታየው ከወገቧ በታች ያለው ብቻ ነው።

"ብሩኬ፣ እንዴት አደረግሽው?" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑን?" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

"ማደጉን።"

"ተኝቼ ነበር ባክሽ። ይልቅ እዚህ ጣሪያ ላይ የማን ካልሲ ነው የተሰጣው?"

ቦሎቄዎቹ ተጠጋግተው መንሾካሾክ ጀመሩ።

"ያልሠለጠነችው አደገች፣ የሠለጠነችው ቆማለች። ይሄ ለሪፖርት አይመችም" አለ ማስመሪያ የያዘው።

"ስማቸውን ብናቀያይረውስ?" አለ ተባይ ፈላጊው።

ሰብሳቢዋ ቅጠሏን አጣጥፋ ገላመጠችው።

"አፍህን ያዝ። እኛ ሰዎች አይደለንም።"

ያን ጊዜ አንድ ለአምስት እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ለአምስት ማለት አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ይዞ የሚያስጠናበት ቡድን ነው። በሕልሜ ግን አምስቱ መምህራን ነበሩ። መሪያቸው ኢዮስያስ የሚባል፣ በውጤቱ ከግቢ የተባረረ ልጅ ነው። መምህራኑ ከሹሮው ላይ ተነስተው መጥተው ባልዲዬን ከብበው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ግለ ሂስ እንጀምር" አለ ኢዮስያስ። "ዓባይነህ፣ ተነስ።"

ዶክተር ዓባይነህ ተነሱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

"ራሴን ስገመግም ጠንካራ ጎኔ በዝቷል። ክፍል በሰዓቱ ገብቻለሁ። የፈተና ወረቀትም አርሜ መልሻለሁ።"

"ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ?"

"ይቅርታ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለማስተካከል ቃል እገባለሁ።"

"ሂስ ያለው አለ?"

ከኋላ የተቀመጡ አንድ የሒሳብ መምህር እጃቸውን አወጡ።

"ባለፈው ተማሪ ጠይቆት 'አላውቅም' ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።"

ቤቱ አጉረመረመ። ዶክተር ዓባይነህ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ኢዮስያስ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ ሉባባ፣ እንዴት አደግሽ?"

የፈራሁት ጥያቄ ይሄ ነበር። አንድ ነገር ቀጣጥዬ ልናገር አልኩና ቦሎቄዎቹን አየሁ። በእነሱ ፊት ያላየሁትን አይቻለሁ ማለት አልሆነልኝም።

"ተከታትያለሁ። ለውጥ አላየሁም" አልኩ።

"ምኑን ተከታተልሽ?"

"ራሴን።"

"ማስረጃሽስ?"

"እኔው ነኝ።"

ሰብሳቢዋ አበባዋን ነቀነቀች።

"አንቺ ማስረጃ አይደለሽም፣ ናሙና ነሽ። ናሙና ስለ ራሱ አይናገርም። ካባውን አምጡ።"

ካባው መጣ። ጥቁር ነው፤ አራት ሰው ተሸክሞታል። ማስመሪያ የያዘው ቦሎቄ ቅጠሉን ዘርግቶ ቁልፉን አምጪ አለኝ።

"ቁልፉን ለምን?"

"ፕሮፌሰር ቤተ ሙከራ ምን ያደርግላታል? ስብሰባ ላይ አይደል እንዴ የምትውለው?"

ቁልፉን አፌ ውስጥ ከትቼ ጥርሴን ገጠምኩ። ካባውን ለማልበስ መጀመሪያ ከባልዲው ሊነቅሉኝ ነበረባቸው። ኢዮስያስ በአንድ ክንዴ፣ ዶክተር ዓባይነህ በሌላው ይዘው ጎተቱ። አልነቀል አልኩ። ሌሎቹም መምህራን ተረባረቡ። የሒሳብ መምህሩ እየጎተቱ "ቆይ፣ ይሄ ልክ አይመጣም" ይሉ ነበር። በመጨረሻ ባልዲው ተሰነጠቀና ወጣሁ።

ከእግሮቼ ሥር ተንጠልጥሏል። ነጭ፣ ቀጭን፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ሥር። ወለሉን ሰንጥቆ ወደ ታች ወርዷል። ጎተቱት፤ አላለቀም። እንደገና ጎተቱት፤ አላለቀም። ከምድር ቤት "እናንተ፣ ቀስ በሉ እንጂ፣ ጠረጴዛችን እየተነሳ ነው" የሚል ድምፅ መጣ።

ቦሎቄዎቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነስተው ሥሩን ከበቡት።

"ስንለካ የከረምነው ከአፈር በላይ ያለውን ብቻ ነው" አለ ማስመሪያ የያዘው ቀስ ብሎ።

"ቦሎቄ ሆነን" አለች ሰብሳቢዋ። ነጭ አበባዋ በእፍረት ቀላ። "ሌላው ቢሳሳት ያምርበታል። እኛ ቦሎቄ ሆነን።"

ዶክተር ዓባይነህ ክንዴን ለቀው እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

"እትዬ ሉባባ፣ በፈጠረዎት ይንገሩኝ። እንዴት አደጉ? እኔም ጡረታ ሳልወጣ ልሞክረው።"

ሁሉም ወደ እኔ አዘነበሉ። ብሩክታዊት እንኳን በቆርቆሮው ቀዳዳ አጎንብሳ ጆሮዋን ሰጠችኝ። ያን ጊዜ መልሱ መጣልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አጭር ነው፣ እውነት ነው፣ የሚሰረዝ አንድም ቃል የለውም። ይህን ኮሚቴ ፊት ብናገር የሚከራከረኝ እንደማይኖር እርግጠኛ ነበርኩ። ቁልፉን ከአፌ አወጣሁና "ያደግሁት" ብዬ ጀመርኩ።

"ሉባባ። አንቺ ሉባባ። ተነሺ እንጂ።"

ብሩክታዊት ትከሻዬን ትወዘውዘኛለች። በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች፤ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ ነው።

"አንዴ ዝም በይ፣ አንድ ነገር ልጻፍ" አልኳት። ከትራሴ ሥር እስክሪብቶ አወጣሁና መዳፌ ላይ "ያደግሁት" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁንም አልመጣም።

"የምን መጻፍ ነው? ኮሚቴው እኮ አይቀመጥም" አለች ብሩክታዊት። "ቴሌግራም ላይ ለቀውታል።"

"ምን ብለው?"

ብሩሹን ከአፏ አውጥታ አነበበችልኝ።

"የማዕረግ ፕሮግራሙ ተማሪዎች በሙሉ በዚህ ዓመት የአሥራ አንድ ነጥብ አራት በመቶ የግል ዕድገት ማስመዝገባቸው ተገለጸ።"

"በምን ለኩት?"

"አልለኩማ። ዕቅዱ አሥራ አንድ ነበር። ነጥብ አራቷ ከዕቅድ በላይ ናት።"

"የቤተ ሙከራው ቁልፍስ?"

"አንቺው ጋ ይሆናል። አድገሻላ።"

ተመልሼ ጋደም አልኩና ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።

"አትተኚ፣ አልጨረስኩም" አለች። "ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ ሊወስዱ የመጡ እንግዶች ማታውኑ በአውቶቡስ ገብተዋል። ሦስት ሰዓት ላይ በትልቁ አዳራሽ አንድ ተማሪ እንዴት እንዳደገች ታስረዳቸዋለች። መድረኩን የሚመሩት ዶክተር ዓባይነህ ናቸው።"

"የትኛዋ ተማሪ?"

"በፊደል ተራ የመጀመሪያዋ።"

"በሀ የሚጀምር የለም እንዴ? ሀብታሙስ?"

"ሀብታሙ አምና ማስረዳት አቅቶት ወደ መደበኛው ተመልሶ የለ? ከሀ ቀጥሎ ለ ነው።"

ብድግ አልኩ።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"ሁለት ተኩል አልፏል።"

"ብሩኬ፣ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?"

ብሩክታዊት ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ በሩ ሄደች።

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ" አለች ብሩሹን እንደገና እየጎረሰች። "ያደግሽው አንቺ ነሽ።"