ሟች በመድረክ ላይ ማስነጠሳቸውን በሚመለከት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ስብሰባው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዛፎቹ ማበብ በጀመሩ ሰሞን፣ በቴአትር ቡድኑ የልምምድ ክፍል መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ተካሄደ።

የተገኙ፦ አዘጋጁ (ሰብሳቢ)፣ ሟችን የሚጫወቱት ጋሼ፣ የሟችን ሚስት የምትጫወተው ተዋናይት፣ የመድረክ ዕቃ ኃላፊው እና የሚናገረው መስመር ለጠፋበት ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ የምታስታውሰው ባልደረባ (ጸሐፊ)። ሟችም በአካል በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የእሑዱ ትርኢት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ለቀስተኞቹ «ነፍስ ይማር» ከማለታቸው ሟች አስነጠሱ፤ አዳራሹም በአንድ ድምፅ «ይማርዎት!» አለ። ጋሼ በበኩላቸው፣ ወቅት በተለወጠ ቁጥር የአበባ ብናኝ አፍንጫቸውን እንደሚበላቸው ገልጸው፣ «ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ አፍንጫዬ እንቢ አለኝ» ብለዋል።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ

የመድረክ ዕቃ ኃላፊው ሟች በአሻንጉሊት እንዲተኩ ሐሳብ አቀረቡ። ተዋናይቷ «እኔ ለጨርቅ አላለቅስም» አለች። ኃላፊውም «ድሮስ ለማን አለቀስሽ? ሽንኩርቱን የማመጣልሽ እኔ አይደለሁ?» በማለታቸው ሰብሳቢው ሥርዓት አስከብረዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦
ሀ) የሬሳ ሣጥኑ አበቦች በወረቀት አበባ እንዲለወጡ፣
ለ) ጋሼ የአለርጂ ኪኒን እንዲወስዱ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የውሳኔው ሙከራ

ጋሼ ኪኒኑን ውጠው ሣጥኑ ውስጥ ተጋደሙ። ብዙ ቆዩ፤ አላስነጠሱም። ጉባኤው ሊያጨበጭብ ሲል ሟች ማንኮራፋት ጀመሩ።

ሰብሳቢው «በቃ፣ ሌላ ሟች እንፈልግ» ብለው ድምፅ ሊያሰጡ ሲሉ ጋሼ ነቁ። ሣጥኑ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ሬሳ ያደረጋችሁኝ መስመር መያዝ ቢያቅተኝ ነው። ከሬሳነትም ካባረራችሁኝ ወዴት ልሂድ?» አሉ።

ተዋናይቷ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ዓይኗን ጠረገች።

ሰብሳቢው ድምፅ ማሰጠቱን ትተው፣ «ግን ለምን ይሞታሉ? በሽተኛ ይሁኑ። ያስነጥሱ፣ ያንኮራፉ፣ መጨረሻ ላይ ይዳኑ» አሉ። ጋሼ ሲድኑ የሚናገሩት መስመር ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። አንድ እንደሚኖር ተነገራቸው። ጸሐፊዋ የበሽተኛው አልጋ ሥር ተኝታ ልታስታውሳቸው ቃል ገባች።

በመሆኑም ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ሟች ከዛሬ ጀምሮ በሕይወት እንዲኖሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ጋሼ ድምፅ የሰጡት ሁለት እጃቸውን አውጥተው ነው፤ የተቆጠረው አንዱ ብቻ ነው።