የአክስቴ አየለች ሻይ

እስቲ እውነት እንነጋገር፤ እናንተ ቤት «ይሄ ለእንግዳ ነው» ተብሎ የሚደበቅ ነገር የለም? አለ። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ። እኔ ቤት ሻይ ነበር።

ሻይ ስላችሁ መቼም ዝም ብሎ ቅጠሉን አይደለም። ባለ ክሩን፣ የቀረፋውን፣ የእንጆሪውን ነው። በአርባ ምንጭ ሙቀት ትኩስ ሻይ ምን ያደርጋል የሚለኝ አይጠፋም። ያልቀመሰ ሰው ነው። ባለቤቴ ምሕረት አንዷን ከረጢት የፈላ ውሃ ውስጥ ስትነክራት ቤቱ እስከ በሩ ድረስ ይታወዳል። በግ በማይቀመስበት፣ ለስላሳ በሳጥን መግዛት በማይታሰብበት በዚህ ዘመን በአንድ ፓኮ ሻይ በዓል ይከበራል ብላችሁ ታምናላችሁ? ዘንድሮ ገናን ያከበርነው እንደዚያ ነው። ሁለት ፓኮ ገዛን። የቀረፋውን ከዋዜማው ጀምሮ ከጎረቤት ጋር በድፎ ዳቦ ጠጥተን ጨረስነው። እውነቴን ነው፣ የጎደለብን ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ባቆም እንዴት ጥሩ ነበር!

አለቃዬ ግን በበዓሉ ቀን ከሰዓት ብቅ እንደሚሉ ነግረውኛል። የእንጆሪው ለእሳቸው ተመድቧል፤ ፓኮው እንዲታሸግ፣ እፊታቸው እንዲከፈት ወስኛለሁ። ሌላ እንግዳ ቢመጣስ? ለእሱም አሰብኩ። ምሕረት እንኳን አደረሳችሁ ልትል ጎረቤት እንደሄደች፣ የጠጣንባቸውን የቀረፋ ከረጢቶች ሰብስቤ በሰሃን ጓሮ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ትስቃላችሁ? ሳቁ። የኛ ፀሐይ እኮ ቀልድ አያውቅም፤ ወዲያው አደረቀልኝ።

በሩ ተንኳኳ። አለቃዬ ናቸው ብዬ የሸሚዜን ኮሌታ እያስተካከልኩ ብከፍት አክስቴ አየለች! የእናቴ ታናሽ፣ እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ። ከዶርዜ ያን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርዳ፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ይዛልኝ መጥታለች። ገና ሳትቀመጥ፣ ጠላ እንደማልቀምስ ታውቃለህ፣ ሻይ ይበቃኛል አለች።

እጄ ወደ ቡፌው ሄደ። እምልላችኋለሁ፣ ሄዷል። ግን አለቃዬ አሁኑኑ ቢገቡስ? እጄ ተመለሰ። ጓሮ ወጣሁና ከሰሃኑ ላይ አንዷን አንስቼ ነከርኩላት።

ውሃው ቀለም እንኳን አልያዘም። አክስቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረችና ፉት አለች።

«የዛሬው ሻይ እንዴት ንጹሕ ነው!» አለች። «የድሮው ይጠቁር ነበር።»

በዚያ ላይ ልድገም አለች። ምን ላድርግ? ያችኑ ከረጢት መልሼ ነከርኳት። ጨርሳ ጠጣች፣ መረቀችኝ፣ ሄደች። አለቃዬ አልመጡም። ስልክም አልደወሉ።

ከሳምንት በኋላ የዶርዜ ሚኒባስ ሾፌር አንድ ዘንቢል አድርሶልን ሄደ። ውስጡ ጦስኝ፣ አንድ ጠርሙስ ማር፣ የጨንቻ ፖም። ሾፌሩ፣ አክስትህ ይሄን ጦስኝ እያፈላህ ጠጣ፣ አይዞህ ብላሃለች አለኝ።

«ምን ሆነን ነው አይዞህ የምትለን?» አለች ምሕረት።

ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጦስኙን አፈላች፣ ማር ጨመረችበትና እፊቴ አስቀመጠችው። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ጠጥቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ያሳፈረኝም የለም።

«እሁድ ትወጣለህ» አለችኝ። በቃ።

እሁድ የታሸገውን የእንጆሪ ሻይ ይዤ ወጣሁ። ዶርዜ ስደርስ የአክስቴ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከጸሎት እየወጡ ነው። አንዲት ሴትዮ አየችኝና የአየለች ልጅ ነህ አይደል ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። እየጸለይንልህ ነው አለችኝ። ሌላዋ መጣች፤ እሷም ስትጸልይልኝ ከርማለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በፌስታል ድንች ሰጡኝና «አይዞህ ልጄ፣ ጌታ ያስለቅቅሃል» አሉኝ። በየወሩ ደመወዝ የሚቆጥር ሰው ድንች ታቅፌ ቆምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

አክስቴ ቤት እንደገባሁ ገና ሳልቀመጥ ተናዘዝኩ።

«አክስቴ፣ እኔ አልተቸገርኩም። ያን ቀን ጥሩ ሻይ ነበረኝ። ለአለቃዬ ብዬ ደበቅኩሽ። ለአንቺ የሰጠሁሽ ተጠጥቶ የደረቀ ነው። ይቅር በይኝ። እባክሽ ለእነዚህ ሰዎችም ንገሪያቸው፤ ከድህነት ያውጣው እያሉ መጸለዩን ይተዉ፣ አፈርኩ።»

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ግራ የገባት ትመስላለች።

«ማን ነው ስለ ድህነትህ የጸለየው?» አለች። «ደመወዝተኛ መሆንህን ሁሉም ያውቃል እኮ። የጸለይነው ከስስት እንዲያወጣህ ነው።»