ዱባዋና የጋሽ ሰኢድ ግድግዳ

«ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ይላል ተረቱ። ተራቹ አዳማ ላይ ጓሮ ኖሮት አያውቅም ማለት ነው። እኔ አርቀህ ቆፍር ባይ ነኝ፤ ወደ ታች ሳይሆን ከጎረቤትህ ግድግዳ አርቀህ! የእኛ አፈር ዱቄት ነው፤ ከቤት መሠረት ሥር ጫር ካደረጉት ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ጉድጓድ የሚጠልቀውን ያህል፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ ከቤት መራቅ አለበት። ይህን ሳታውቅ ነው ወይ ጉድ የሠራኸው እንዳትሉኝ፤ አውቅ ነበር። ጥፋቴ ዕውቀቴን በኦሮምኛ ልናገር ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓሮዬ ውስጥ የፍሳሽ ጉድጓድ ማስቆፈር ነበረብኝ። ጓሮዬ ከቤቴ ጀርባ ይጀምርና የጋሽ ሰኢድ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ያልቃል። ጋሽ ሰኢድ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ቀልድና ምርቃት የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ግድግዳ ሥር ደግሞ የባለቤቴ ዱባ ተተክላለች። ባለቤቴ ዱባዋን የምትንከባከባትን ያህል እኔን ብትንከባከበኝ ኖሮ ወፍሬ በበሩ አልገባም ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁለታችን ወደ ሶደሬ ልንወጣ ስንል ቆፋሪው ገመቹ መጣ። የቡልቡላ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ኦሮምኛ በብዙ ይሻላል። ታዲያ በአማርኛ ብነግረው ምን ነበረበት? ከዱባዋ ከራቀ ከግድግዳውም ራቀ ብዬ አሰብኩና «ዱባ ኢራ ፈጋዹ!» አልኩት፤ ከዱባ ራቅ ማለቴ ነው። ገመቹ «ቶሌ፣ እሺ» አለ። ባለቤቴ ቋንቋ አዋቂ ባል አገባሁ ብላ በኩራት አየችኝ።

ፍል ውሃችንን ታጥበን ከሰዓት ስንመለስ ገመቹ ደረቱ ድረስ ገብቷል፤ የገባው ግን ከጋሽ ሰኢድ ግድግዳ ሥር ነው! ዱባዋ ተነቅላ ዳር ተጋድማለች። የመሠረቱ ድንጋይ አግጧል፣ ከሥሩም አፈሩ ፍስስ ይላል። ጋሽ ሰኢድ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ የቀትር እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። ገመቹን ውጣ ብዬ ጮኽኩ፤ ሽማግሌውንም ሮጬ ቀሰቀስኩ።

ለካስ በኦሮምኛ ዱባ ማለት ጀርባ ኖሯል! የሚበላው ቡቄ ነው። ገመቹ ከቤትህ ጀርባ ራቅ ተብሎ ራቀ፤ ግድግዳ እስኪያግደው ድረስ ራቀ። ታዲያ ዱባዋን ለምን ነቀልካት ብዬ ስጠይቀው፣ ስለ ቡቄ ማን ምን አለ ብሎ ተገረመብኝ።

ግንበኛ ጠራን። ግድግዳውን በአጣና ደገፍን፤ ዳር የተቆለለውን አፈር አራቅን። ከዚያ ጉድጓዱን ትንሽ ትንሽ እየሞላን፣ ውሃ እያርከፈከፍን፣ ደልድለን እየጠቀጠቅን መለስነው። ግንበኛው አሁን ይበቃል እስኪል ድረስ ጋሽ ሰኢድ እኛ ሳሎን አደሩ። ሳፍር አይተው «አብሽር ልጄ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አንተ ግን አልጋዬ ድረስ ልትመጣ ነው» ብለው አሳቁኝ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም እፎይ አልኩ። አዲሱ ጉድጓድ ከሁለታችንም ቤት ርቆ ተቆፈረ።

ዱባዋስ? ባለቤቴ የተሞላው አፈር ላይ መልሳ ተከለቻት። ለምለም ሆነች! ግድግዳውን ይዛ ወጣች፣ የጋሽ ሰኢድን ቆርቆሮ ሸፈነች፣ እንስራ እንስራ የሚያህል ፍሬዋን እዚያው ደረደረች። በቀደም ሽማግሌው በአጥር በኩል ጠሩኝ። ጣራቸው ሌሊት ሲንቋቋ እንደሚያድር ነገሩኝና፣ «ልጄ፣ ከሥር ስተርፍ ከላይ መጣህብኝ! በል ያን ገመቹን ጥራልኝ፣ ይህችን ዱባ ያውርድልኝ» አሉ። እሺ ብዬ ልሄድ ስል መልሰው ጠሩኝ።

«ብቻ አደራ፣ በአማርኛ ንገረው።»